ፈተና ያለፈ ሁሉ አልፎለታል? የብሪታንያ ባንግላዴሻውያንና የፈረንሳይ ሰሜን አፍሪካውያን ልጆች በንጽጽር

የቆጠራ ሰው (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በዚህ መድረክ በተለያዩ ርእሶች ሥር አንድ አባባል ደጋግሞ ሲነሣ ስላየሁ፣ ራሱን ችሎ ውይይት ቢደረግበት ይሻላል ብዬ ይህን ክር ከፍቻለሁ። አባባሉ፣ «ብሪታንያ የባንግላዴሽ ስደተኞችን ልጆች ከድህነት አውጥታለች፤ ፈረንሳይ ግን የአልጄሪያ፣ የሞሮኮና የቱኒዚያ ስደተኞችን ልጆች በየከተማው ዳርቻ ጥላቸዋለች» የሚል ነው። በእኔ ግምት ይህ አባባል ፈተና ማለፍንና በኑሮ ማለፍን ያምታታል። ሥራዬ ከሕዝብ ቆጠራና ከቤተሰብ ገቢ መረጃ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ በቅድሚያ የብሪታንያውን በኩል ላስቀምጥና የፈረንሳዩን በቅርብ ለሚያውቁት እተዋለሁ።

በ2021ዱ ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ ራሳቸውን ባንግላዴሻዊ ብለው ያስመዘገቡት 645 ሺህ ገደማ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ 107 ሺህ ያህሉ የሚኖሩት ታወር ሃምሌትስ በሚባለው የምሥራቅ ለንደን ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ እዚያ ከነዋሪው ከሦስቱ አንዱ ይሆናሉ። አብዛኞቹ ቤተሰቦች የመጡት ከአንድ አካባቢ፣ በሰሜን ምሥራቅ ባንግላዴሽ ከሚገኘው ከሲልሄት ነው። ቀደምቶቹ ከካልካታ በሚነሡ የእንግሊዝ መርከቦች ሞተር ክፍል ውስጥ የሚሠሩ መርከበኞች ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጡት ወንዶች በፋብሪካ ተቀጠሩ፤ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው በብዛት የተከተሏቸው ግን በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ነው። ይህ የጊዜ ነገር በቀላሉ መታየት የለበትም፤ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ሲደርስ ፋብሪካው በሩን እየዘጋ ነበርና። አባቶች ወደ ልብስ ስፌት፣ ወደ ሬስቶራንት ወጥ ቤትና ወደ ታክሲ ዞሩ። ብሪታንያ ውስጥ «የሕንድ ምግብ ቤት» እየተባለ የሚጠራው ሁሉ አብዛኛው የሲልሄት ሰዎች እጅ ሥራ እንደ ሆነ እዚህ የምንኖር ሁሉ እናውቃለን።

በ1997 የእንግሊዝ የአካባቢ ትምህርት አስተዳደሮች በውጤት ሲደረደሩ ታወር ሃምሌትስ ከ149ኙ 149ኛ ሆኖ ነበር። ከዚያ ሃያ ዓመት ሳይሞላ የባንግላዴሻውያን ልጆች በ16 ዓመታቸው በሚወስዱት የጂሲኤስኢ ፈተና የነጭ እንግሊዛውያንን ልጆች አማካይ ውጤት አልፈው ሄዱ። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡትም በድርሻ ሲታይ ከነጭ እንግሊዛውያን ይበልጣሉ። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም።

ገንዘቡ ግን ሌላ ይናገራል። በ2018 የብሪታንያ ብሔራዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ ባወጣው መረጃ የባንግላዴሻውያን ተቀጣሪዎች የመካከለኛ ሠራተኛ የሰዓት ክፍያ 9.60 ፓውንድ ሲሆን፣ የነጭ እንግሊዛውያኑ 12.03 ፓውንድ ነበር፤ ልዩነቱ ከመቶ 20 ይሆናል። የቤት ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ከባንግላዴሻውያን ቤተሰቦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከድህነት ወለል በታች ናቸው። በሀብት ደግሞ፣ ማለትም ቤት፣ ጡረታና ቁጠባ ተደምሮ፣ አንድ ነጭ እንግሊዛዊ ቤተሰብ አንድ ፓውንድ ሲኖረው የባንግላዴሻዊው 10 ሳንቲም ያህል ብቻ ነው። ልጁ አልፏል፤ ለቤቱ ግን ገና አላለፈለትም። የፈረንሳዩ ከዚህ ይሻላል ወይስ ይብሳል? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱን።

ነዋሪ ዘሰን ደኒ

ወንድሜ የቆጠራ ሰው፣ ጥያቄህን በቀጥታ ለመመለስ የሚያስቸግረኝ ነገር አለና ከእሱ ልጀምር። አንተ «ባንግላዴሻዊ» ብለህ ከቆጠራ ቁጥር ማውጣት ትችላለህ። እኔ በምኖርበት በፈረንሳይ ግን መንግሥት ዜጋውን «ዘርህ ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። የጥር 1978 የመረጃ ሕግ ገደብ ጣለበት፤ በኅዳር 2007 ደግሞ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ በዘር ወይም በጎሣ ላይ የተመሠረተ ጥያቄ የሪፐብሊኩን መሠረት እንደሚጥስ፣ እንደ ትውልድ ቦታና ዜግነት ያለ ተጨባጭ ነገር መጠየቅ ግን እንደሚቻል ወሰነ። ስለዚህ ተመራማሪዎች የሚይዙት የወላጅን የትውልድ አገር ነው። ትልልቆቹ ጥናቶች በ2008 እና 2009፣ ከዚያም በ2019 እና 2020 የተካሄዱት «ትራዣክቷርና ኦሪጂን» (የሕይወት ጉዞና የትውልድ ምንጭ) የተባሉት ናቸው። በ2021 አቆጣጠር ፈረንሳይ ውስጥ ተወልደው ቢያንስ አንድ ወላጃቸው ስደተኛ የሆነ 7.3 ሚሊዮን ሰዎች አሉ። አያቱ ከአልጄሪያ የመጣ፣ አባቱ ግን ማርሴይ የተወለደ ልጅ በመደበኛው መረጃ ውስጥ «ፈረንሳዊ» ተብሎ ይገባና ከዓይን ይሰወራል። የብሪታንያው የልጅ ልጅ ግን ራሱን እንዳስመዘገበ በቆጠራው ይቀጥላል። ሁለቱን ከማነጻጸራችን በፊት ይህን ማወቅ ግድ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልለፍ። የአልጄሪያና የሞሮኮ ወንዶች ወደ ፈረንሳይ በገፍ የመጡት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኢኮኖሚው በሚያድግባቸው ሠላሳ ዓመታት ነው። በፓሪስ አጠገብ ባለው በቢያንኩር የሬኖ ፋብሪካ መኪና ገጣጠሙ፣ በሰሜን ከሰል ቆፈሩ፣ መንገድና ሕንፃ ሠሩ። በሐምሌ 1974 መንግሥት አዲስ የሠራተኛ ስደትን አገደ፤ ቤተሰብን ማስመጣት ግን ከአጭር እገዳ በኋላ ቀጠለ። ወደ አገሩ ቢመለስ ዳግመኛ መግባት እንደማይችል ያወቀው ወንድ ሚስቱንና ልጆቹን አስመጣ። በማኅበራዊ ቤቶች፣ በእኛ አጠራር በአሽኤልኤም፣ ረጃጅም ፎቆች ውስጥ ሰፈሩ። ፎቆቹ በከተማው ዳርቻ የተሠሩት ለፋብሪካው ቅርብ እንዲሆኑ ነበር። ፋብሪካው ሄደ፤ ቢያንኩር በመጋቢት 1992 ተዘጋ፤ ፎቆቹ ቀሩ። ጥቅምት 2005 ሁለት ልጆች ፖሊስ ሸሽተው በኤሌክትሪክ ጣቢያ ውስጥ የሞቱባት ክሊሺ ሱ ቧ ከፓሪስ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ብትርቅም፣ የትራም ሐዲድ የደረሰላት በ2019 መጨረሻ ነው።

ሰን ሳን ደኒ የተባለው አውራጃችን የድህነት መጠኑ ከመቶ 28 ገደማ ሲሆን፣ ከአገሪቱ አማካይ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሆኖም ይህን ቁጥር አይታችሁ «የአልጄሪያውያን ልጆች አልተለወጡም» እንዳትሉ አደራ። እዚህ ያለፈለት ልጅ ደረጃውን ወጥቶ ሠፈሩን ይለቃል፤ በለቀቀው ቤት ደግሞ ከማሊ፣ ከኮንጎ፣ ከስሪላንካ አዲስ የመጣ ቤተሰብ ይገባል። ሠፈሩ ሁልጊዜ ድሀ ነው፤ በውስጡ ያሉት ሰዎች ግን ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

የሥራው በር ነው ችግሩ። ወላጆቻቸው ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ሰዎች የሥራ አጥነት መጠን የስደት ሐረግ ከሌላቸው ጋር ሲወዳደር እጥፍ ገደማ ሆኖ ለዓመታት ቆይቷል። በ2021 የሥራ ሚኒስቴሩ የጥናት ክፍል ውጤቱን ባሳወቀው ሙከራ 9,600 የሥራ ማመልከቻዎች ለ2,400 የሥራ ማስታወቂያዎች ተልከው ነበር። ችሎታቸው እኩል ሆኖ ሳለ ስማቸው የሰሜን አፍሪካ የሚመስል አመልካቾች መልስ የማግኘት ዕድላቸው በ31.5 ከመቶ አነሰ። በእኛ ፎቅ ሁለተኛ ደርብ የሚኖሩ የአልጄሪያ ቤተሰብ ልጅ በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ አለው። ሲቪውን አብረን ስናስተካክል ያደረገው ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። የመጀመሪያ ስሙን ሰርዞ አንድ ፊደል ብቻ አስቀረ፤ ፎቶውን አነሣ፤ ከዚያ የአውራጃችንን፣ በ93 የሚጀምረውን የፖስታ ቁጥር አጥፍቶ ፓሪስ ከተማ ውስጥ የምትኖረውን የአክስቱን አድራሻ፣ በ75 የሚጀምረውን ጻፈ። ይህን ሲያደርግ እናቱ ሻይ ይዛ ቆማ ታየው ነበር።

እናት በኋይትቻፕል

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ በምሥራቅ ለንደን አንድ ትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ሆኜ ዓመታት አስቆጥሬአለሁ፤ የራሴም ልጆች ከባንግላዴሻውያን ልጆች ጋር ነው ያደጉት። የቆጠራ ሰው «ሃያ ዓመት ሳይሞላ» ብለው ያለፉት ነገር ውስጥ የነበረውን ሥራ ስላየሁ እሱን ልንገራችሁ።

የወላጆች ምሽት ሲሆን አባቶች የሚመጡት ገና ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ከማታ ሥራቸው በፊት ነው። ብዙዎቹ የሬስቶራንት ሰዎች ስለሆኑ ማታ ገብተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው የሚመለሱት፤ ልጆቻቸውን በአዘቦት ቀን የሚያዩአቸው ተኝተው ነው። አንዲት እናት እንግሊዝኛ ስለማትችል የአሥራ አራት ዓመት ልጇ በመካከል ቁጭ ብላ ታስተረጉም ነበር። ስለ ራሷ ውጤት ራሷ ነበር የምታስተረጉመው፤ መምህሩ «ሒሳብ ላይ ሰነፍ ናት» ሲሉ ወደ እናቷ ዞራ ምን እንዳለች ማንም አያውቅም። ኋላ ላይ ትምህርት ቤቱ የሲልሄት ቋንቋ የሚናገሩ ሠራተኞች ቀጠረ። ያን ጊዜ ነው እናቶች ራሳቸው መጠየቅ የጀመሩት። የጠየቁትም ከባድ ጥያቄ ነበር፤ «ሐኪም ለመሆን የትኛውን ትምህርት ነው የምትመርጠው?» ይሉ ነበር።

ቤታቸው ጠባብ ነው። ስድስትና ሰባት ሆነው በሁለት መኝታ የካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ቤት የሚኖሩ ስላሉ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የቤት ሥራ የሚሠራበት ክፍል መከፈቱ ትልቅ ነገር ነበር። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ከ16 ዓመት በኋላ በትምህርት ለሚቆዩ የድሀ ቤተሰብ ልጆች በሳምንት እስከ 30 ፓውንድ ይሰጥ ነበር፤ በ2011 እንግሊዝ ውስጥ ተቋረጠ። አባትየው «ወጥ ቤት ግባና አግዘኝ» እንዳይል ያ 30 ፓውንድ ምን ያህል እንዳገዘ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከትምህርት ቤቱ ፎቅ መስኮት የኬነሪ ዋርፍ የባንክ ሕንፃዎች ይታያሉ። በእግር ይደረሳል። እዚያ ውስጥ የሚሠራ ዘመድ ያለው ልጅ ግን በክፍላችን አልነበረም፤ ሌሊት የሚያጸዱ እናቶች ካልተቆጠሩ በቀር።

ተጠራጣሪ አንባቢ

ጥሩ ውይይት ነው፤ ነገር ግን አንድ ቀላል ማብራሪያ የተዘለለ ይመስለኛል። ባንግላዴሻውያን ለትምህርት ክብር የሚሰጡ፣ ቤተሰባቸው የተጠበቀ፣ ባህላቸውን የያዙ ናቸው። የሰሜን አፍሪካውያኑ ቤተሰብ ግን በፈረንሳይ ተበተነ። ሁለቱም ሙስሊሞች ስለሆኑ ሃይማኖት ልዩነቱን አያስረዳም። ታዲያ ባህል ነው ብንል ምን ስሕተት አለው?

የቆጠራ ሰው

ጥያቄዎን በቅንነት እንዳቀረቡት ስለማምን በቅንነት ልመልስ። በ1985 የወጣው፣ የአናሳ ማኅበረሰብ ልጆችን ትምህርት የመረመረው የስዋን ኮሚቴ ዘገባ፣ ከእስያ ተወላጆች መካከል ተለይተው ወደ ኋላ የቀሩት የባንግላዴሽ ልጆች መሆናቸውን ገልጿል። ያኔም ባህላቸው ይኸው ነበር፤ ቤተሰባቸውም የተጠበቀ ነበር። ባህል በ1985 ዝቅ አድርጎ በ2010 ከፍ ሊያደርግ አይችልም። በመካከሉ የተለወጠ ሌላ ነገር መፈለግ አለብን።

እርግጥ ነው፣ ይህ በተመራማሪዎች መካከልም ክርክር ያለበት ነገር ነው። ከ2003 ጀምሮ «የለንደን ቻሌንጅ» በሚል ስም የተካሄደውን የትምህርት ቤቶች ማሻሻያ የሚያመሰግኑ አሉ። የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲው ሳይመን በርጀስ በ2014 ያቀረበው ጥናት በበኩሉ የለንደን ብልጫ ከሞላ ጎደል የሚመነጨው በከተማዋ የስደተኛ ልጆች ስለሚበዙ ነው፤ እነዚህ ልጆች የትም ቢማሩ ከነጭ እንግሊዛውያኑ የተሻለ ዕድገት ያሳያሉ ይላል። ሌሎች ደግሞ ለውጡ የጀመረው ከማሻሻያው በፊት፣ በ1990ዎቹ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነው ይላሉ። እኔ የማደላው እኅታችን ወደ ተናገሩት ነው፤ የወላጅ ጉጉት ነበረ፤ ትምህርት ቤቱ ጉጉቱን የሚሰማበት ጆሮ ያገኘው ግን ቆይቶ ነው።

ባህልን ለመፈተን የተሻለ መንገድ አለ፤ ይኸውም ከዚያው ከሲልሄት መጥተው ለንደን ያልሰፈሩትን ማየት ነው። በሰሜን እንግሊዝ ወዳለችው ከተማ ወደ ኦልድሃም የሄዱት የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ልጆቻቸው የቀራቸው ታክሲና ሬስቶራንት ነው። በግንቦት 2001 ከተማዋ በነጮችና በእስያ ተወላጆች ግጭት ታምሳ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ቋንቋው አንድ ነው፤ መስጊዱ አንድ ነው፤ የሠርግ ሥርዓቱ አንድ ነው፤ የተለየው ከተማው ነው። የኦልድሃም ባንግላዴሻዊ ኑሮ ከታወር ሃምሌትሱ ይልቅ ሩቤ የምትባለው የሰሜን ፈረንሳይ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ካለ የአልጄሪያዊ ልጅ ኑሮ ጋር ይመሳሰላል ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ለንደን ውስጥ ደግሞ ቦታቸው በራሱ አልተገኘም። በ1970ዎቹ ካውንስሉ ቤት ሲነፍጋቸው ባዶ ሕንፃዎችን ይዘው ታግለዋል፤ በ1976 የቤንጋል ተወላጆች የቤት ትግል ማኅበር አቋቁመዋል። በግንቦት 1978 አልታብ አሊ የተባለው የ24 ዓመት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ በዘረኞች ተወግቶ ሲሞት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሬሳ ሣጥኑን ተከትለው እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ሄደዋል። ዛሬ በአካባቢው ያለ መናፈሻ በስሙ ይጠራል። በዚህ ትግል ምክንያት ድሀው ቤተሰብ በከተማዋ እምብርት የካውንስል ቤት ይዞ ቀረ፤ የለንደን ሥራና የለንደን ትምህርት ቤት በዙሪያው ሲያድግ እሱ እዚያው ነበረ። የፈረንሳዩ ቤተሰብ ከከተማዋ ውጭ ተቀምጦ ከተማዋ ስታድግ በሩቅ አያት።

ስለ ሃይማኖት ያሉት ግን አይመስለኝም። ሁለቱም ሙስሊሞች መሆናቸው ሃይማኖትን ከሒሳብ አያስወጣውም፤ ዋናው ነገር ቀጣሪው ለሃይማኖታቸው ያለው አመለካከት ነውና። በ2009 ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራ አንድ ሙከራ የሴኔጋል ዝርያ ያላቸውን ሁለት ምናባዊ አመልካቾች አወዳድሯል። የቤተሰብ ስማቸው አንድ፣ የትምህርትና የሥራ ልምዳቸውም አንድ ሲሆን፣ የአንደኛዋ ስም ማሪ፣ የሁለተኛዋ ኸዲጃ ነበር። ማሪ ለቃለ መጠይቅ የመጠራት ዕድሏ ከኸዲጃ ሁለት እጥፍ ተኩል ሆነ። ብሪታንያም ከዚህ ነጻ አይደለችም፤ በ2019 ይፋ በሆነው የኦክስፎርድ ጥናት የአናሳ ማኅበረሰብ አመልካቾች እኩል ምላሽ ለማግኘት ከነጭ እንግሊዛውያን 60 ከመቶ ተጨማሪ ማመልከቻ መላክ ነበረባቸው። ሆኖም በዘጠኝ አገሮች የተሠሩ 97 ሙከራዎችን ያሰባሰበው ጥናት የቅጥር አድልዎ የበረታባቸው አገሮች ፈረንሳይና ስዊድን መሆናቸውን አግኝቷል።

ተጠራጣሪ አንባቢ

የኦልድሃሙ ምሳሌ አሳማኝ ነው፤ አላሰብሁበትም ነበር። ግን ስለ ትውልድ አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። የአልጄሪያ ልጆች ወደ ሥራ የገቡት መቼ ነው፣ የባንግላዴሾቹስ? ዕድሜያቸው ካልተመጣጠነ ንጽጽሩ ከመሠረቱ አይፈርስም?

የቆጠራ ሰው

በትክክል ያዙት። ከአልጄሪያውያኑ ልጆች ብዙዎቹ ለሥራ የደረሱት ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ፣ ፈረንሳይ በጅምላ ሥራ አጥነት ስትመታ ነው። ከማርሴይ ተነሥተው በታኅሣሥ 1983 ፓሪስ የገቡት የእኩልነት ሰልፈኞች እነሱ ነበሩ። የባንግላዴሻውያኑ ልጆች ግን በብዛት ለሥራ የደረሱት ከ2000 በኋላ፣ ለንደን ሠራተኛ በምትፈልግበት ጊዜ ነው። የሃያ ዓመት ልዩነት አለ። ዛሬ ያለውን የአማካይ ቁጥር ብቻ ጎን ለጎን ማስቀመጥ፣ የአንዱን የሃምሳ ዓመት ሰው ከሌላው የሠላሳ ዓመት ሰው ጋር ማወዳደር ይሆናል።

በዚያው በ2018ቱ የክፍያ መረጃ ውስጥ ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። ልዩነቱ የሚሰፋው ከብሪታንያ ውጭ በተወለዱትና ዕድሜያቸው በገፋው ላይ ሲሆን፣ ብሪታንያ ተወልደው ገና ወጣት በሆኑት ላይ ይጠባል። የሴቶቹ ጉዳይ ግን ራሱን የቻለ ነው። ለብዙ ዓመታት ከባንግላዴሻውያን ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሥራ ገበያው ውጭ ነበሩ። ልጆቻቸው ዛሬ ዲግሪ ይዘው ይወጣሉ፤ በ2016 የመንግሥቱ የማኅበራዊ ዕድገት (ሶሻል ሞቢሊቲ) ኮሚሽን ያወጣው ዘገባ ግን የሙስሊም እስያውያን ልጆች፣ በተለይም ሴቶቹ፣ በትምህርት ያገኙት ውጤት ወደ ሥራ ሲሻገር እንደሚፈስ አሳይቷል።

ነዋሪ ዘሰን ደኒ

ስለ ድህነት ቁጥሩ አንድ ነገር መጨመር እፈልጋለሁ፤ እዚህ ላይ ፈረንሳይ የተሻለችበት ነገር አለና ፍትሕ ማጓደል አልፈልግም።

የባንግላዴሻዊው ቤተሰብ ብዙ ልጅ ያለውና በአብዛኛው በአንድ ደመወዝ የሚተዳደር ነው። ብሪታንያ ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ ለድሀ ቤተሰብ የሚሰጠውን የልጅ ድጎማ በሁለት ልጆች ገደበችው፤ ከዚያ ወዲያ ለተወለደው ሦስተኛ ልጅ ያ ድጎማ አልነበረም። በፈረንሳይ ተቃራኒው ነው። የቤተሰብ አበሉ ለአንድ ልጅ አይከፈልም፤ ሁለተኛው ሲወለድ ይጀምራል፤ በሦስተኛው ከፍ ይላል። አንድ ዓይነት ቤተሰብ፣ አምስት ልጆች፣ አንድ የወጥ ቤት ደመወዝ ይዞ ሁለቱን አገሮች ቢሞክር፣ የዶቨርን ባሕር ወደ ፈረንሳይ ሲሻገር የድህነት መጠኑ በወረቀት ላይ ይለወጣል። በተጨማሪም አንተ የጠቀስኸው «ከግማሽ በላይ» የቤት ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ያለው ነው፤ የእኛ የሰን ሳን ደኒ 28 ከመቶ ግን የቤት ኪራይ ሳይቀነስ የተሰላ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መፍረድ አይቻልም።

በሌላ በኩል ገንዘብ የማይተካው ነገር አለ። ቋሚ ሥራ ያለው ሰው በፈረንሳይ የተከበረ ነው፤ ቤት የሚከራየው፣ ብድር የሚያገኘው በዚያ ወረቀት ነው። የውጭ ዜጎች ግን ለረጅም ዘመን ከብዙ የመንግሥት የሥራ መደቦች ተከልክለው ነበር። በ1970ዎቹ በብሔራዊ የባቡር ድርጅቱ የተቀጠሩ የሞሮኮ ሠራተኞች ከፈረንሳዊ ባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ሐዲድ እየጠገኑ፣ ዜግነት ስለሌላቸው ብቻ በተለየ ውል፣ በዝቅተኛ ጡረታ ኖሩ። በሰሜን አፍሪካ ዐረብኛ ሺባኒ ይሏቸዋል፤ ፀጉረ ሽበት ማለት ነው። በጥር 2018 የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለ848ቱ ካሣ ፈረደላቸው፤ ከመካከላቸው ፍርዱን ሳይሰሙ ያረፉ ነበሩ። ልጆቻቸው ያልወረሱት ሀብት የት እንደ ጠፋ ስትጠይቁ ይህን አስታውሱ። አንተ «10 ሳንቲም» ያልኸውም እንደዚሁ ነው፤ ሀብት የሦስት ትውልድ ነገር እንጂ የአንድ ዲግሪ ነገር አይደለም።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ፣ ፈረንሳይ በ1981 የትምህርት ቅድሚያ ዞኖችን ብትከፍትም፣ ወደ እነዚህ ዞኖች የሚላኩት በአብዛኛው አዲስ የተመረቁ፣ ልምድ ያላገኙ መምህራን ናቸው፤ ነጥብ ሲሰበስቡ ተዛውረው ይሄዳሉ። ከ2017 ጀምሮ በጣም ድሀ በሆኑት አካባቢዎች የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ክፍል 12 ያህል እንዲሆኑ መደረጉ ጥሩ እርምጃ ነው። እነዚያ ልጆች ለሥራ የሚደርሱት ግን ከ2030 በኋላ ነው።

ከሐይፋ

በዝምታ ስከታተል ቆይቼ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እዚህ እስራኤል ማዕከላዊ የስታቲስቲክስ ቢሮው በየዓመቱ የቤተ እስራኤል በዓል የሆነው ሲግድ ሲቃረብ የቤተ እስራኤልን መረጃ ለብቻ ያወጣል፤ አገር ውስጥ የተወለዱትንም ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ልጆቻችን ባግሩት የተባለውን የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና የሚያልፉት እየጨመሩ መሆኑን፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት የሚያመጡት ግን ከሌሎቹ ገና እንደሚርቁ እናውቃለን። ፈተና ማለፍና በር የሚከፍት ፈተና ማለፍ ልዩነት እንዳለው ያወቅነው ስለ ተቆጠረ ነው። ለንደን ያላችሁ ግን «ጥቁር አፍሪካዊ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ከናይጄሪያና ከጋና ጋር ስለምትቀላቀሉ፣ የእናንተን ልጆች ከእነዚያ ሠንጠረዦች መለየት የሚቻል አይመስለኝም።

የቆጠራ ሰው

እውነት ነው። አልፎ አልፎ በራሳቸው እጅ «ኢትዮጵያዊ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ለመደበኛዎቹ የገቢና የድህነት ሠንጠረዦች ግን ያ አይበቃም። የባንግላዴሻውያን ችግር የታወቀውም እርዳታ ያገኘውም ከ1991 ቆጠራ ጀምሮ ለብቻቸው ሣጥን ስለነበራቸው ነው። ካውንስሉ ገንዘብ ሲጠይቅ ቁጥር ይዞ ነበር የሚሄደው።

እናት በኋይትቻፕል

ያቺ ለእናቷ ታስተረጉም የነበረች ልጅ ዛሬ የት እንዳለች በግል የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ እዚሁ ልመልስ። ለንደን ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ከቤቷ እየተመላለሰች ተማረች፤ በሒሳብ ተመረቀች። ከተመረቀች በኋላ ያለ ክፍያ ልምምድ አግኝታ ነበር፤ አባቷ በዚያው ዓመት ወገቡን ታሞ ከወጥ ቤት ስለወጣ ያለ ደመወዝ መሥራት አልቻለችም። በአካባቢው ካውንስል ቢሮ ተቀጠረች፤ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ታናሽ ወንድሟ ባለፈው ዓመት ከኬነሪ ዋርፍ ባንኮች በአንዱ ተቀጠረ። ማመልከቻውን ያየችለት፣ ቃለ መጠይቁን ያለማመደችው እሷ ነች።

ነዋሪ ዘሰን ደኒ

የእኛም ፎቅ ልጅ ቀንቶታል። ስድስት ወር በጊዜያዊ ውል ሠርቶ ባለፈው ወር ቋሚ ውል ፈረመ። ውሉን በፈረመ ማግሥት ወደ ሰው ኃይል ክፍል ሄዶ አድራሻውን ወደ 93 አስለወጠ። በሥራ ኢሜይሉ ላይ ግን ስሙ እስካሁን የመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ነው።